ከአሥር ስድስት

ከመርማሪው ቢሮ ኤሲ የሚንጠባጠበው ውሃ በግድግዳው ሥር ሾልኮ ወደ ታሰርኩበት ክፍል ይገባ ነበር። ቅዝቃዜው ለእሱ፣ ውሃው ለእኔ። ክፍሉ ሌላ የሚታይ ነገር ስላልነበረው መጀመሪያ ያየሁትም ይህንኑ ነው።

ያሰሩኝ ሸርጣን ስለቆጠርኩ ነው። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ፣ ኤምባሲዎች በሚበዙበት ሀራሙስ በሚባል ሰፈር ባሉት ቪላዎች በቤት ሠራተኝነት ለተቀጠሩ አምስት የሀገሬ ልጆች ዓርብ ዓርብ ሳይንስ አስተምር ነበር። የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ለመውሰድ ያሰቡ ናቸው። ሥነ ምህዳር ላይ ስንደርስ ባሕሩ የሸሸበትን ሰዓት ጠብቄ ወደ ዳርቻው ወሰድኳቸው። በአራት እንጨት ገመድ ወጥረን አንድ ካሬ ሜትር ከለልን፤ በውስጡ ያለውን ሸርጣን ቆጥረን፣ እንጨቱን ነቅለን፣ ሌላ ቦታ ተከልን። ዳርቻው በሙሉ ተቆጥሮ አያልቅም፤ የጥቂቱን አማካይ ወስዶ የቀረውን መገመት ነው። ይህን ማንም ተማሪ ያውቀዋል። የአንዱ ቪላ ዘበኛ ግን አላወቀውም፤ ለፖሊስ ደወለ።

ከሁለት ቀን በኋላ ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሰፈር ከተከራየሁት ክፍል ከነቦርሳዬ ወሰዱኝ። ቦርሳው ውስጥ አርሜ ያልመለስኩት የአንዷ ተማሪዬ ደብተር ነበር። አሠሪዋ መማሯን እንዳታውቅ ስሟን አልጻፈችበትም።

መርማሪው ፈረንሳይ አገር እንደተማረ በተገናኘን በአምስተኛው ደቂቃ ነገረኝ። ምን እንደተማረ ግን አልነገረኝም፤ ጠባዩም አያሳብቅም። አስተርጓሚው የሀገሬ ሰው ነው። በእኛ በስደተኞች መከራ እንጀራውን የሚበላ፣ በዚያ ሙቀት ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሎሌ። ከመርማሪው ይልቅ እሱን ናቅሁት። የሀገር ልጅነቱ ምን ይረባኛል፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል።

«አሥራ አራት፣ ዘጠኝ፣ ሃያ ሁለት። የምን ቁጥር ነው ይላል» አለኝ አስተርጓሚው ከደብተሩ እያነበበ።

«የሸርጣን።»

መርማሪው ሳቀ።

«ሸርጣን ይበላል እንጂ ይቆጠራል ወይ ይላል። የኤምባሲ ጠባቂዎችን ነው የቆጠራችሁት ይላል።»

«ሃያ ሁለት ጠባቂ አንድ ካሬ ሜትር ላይ እንዴት ነው የሚቆመው?»

ይህን አልተረጎመውም።

እኔም እንደ ሞኝ ማስተማር ጀመርኩ። ሸርጣን ጭቃውን ካልቆፈረው የባሕር ዳር ዛፎች ሥር አየር ያጣል፤ ዛፉ ከደረቀ ዓሣው መራቢያ ያጣል፤ ዓሣው ከጠፋ አጥማጁ ጦሙን ያድራል አልኩ። መርማሪው ሰዓቱን አየ። ጫት የሚደርስበት ሰዓት ተቃርቧል። ደብተሩ የሴት እንደሆነ ጠርጥሮ ኖሮ፣ «ማን እንደሆነች ንገረኝና ምሳህን ቤትህ ብላ» አለ።

አስተርጓሚው ከራሱ ጨመረበት። «ጋሼ፣ ስሟን ይስጡትና ይውጡ። ቢበዛ ወደ ሀገሯ ይሸኟታል።»

መሸኘት የሚሉት መኪና ላይ ጭኖ ድንበር ላይ መጣልን ነው። ሥራዋም፣ ሁለት ዓመት በድብቅ ያጠናችበት ፈተናም እዚያው ይቀራል።

«ደብተሩ የኔ ነው» አልኩ።

መርማሪው ደብተሩን ገለጠ። «በቀይ ያረመውስ ማነው?»

«እኔ።»

«ከአሥር ስድስት የሰጠው?»

«እኔው።»

«ለራስህ?»

«ሸርጣኑን ትቼ ጉድጓዱን ቆጥሬ ነበር። አንድ ሸርጣን ሁለት ጉድጓድ ሊኖረው ይችላል። ስድስትም በዝቶልኛል።»

ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋልኝ፤ ያንኑ ገጽ እንድጽፍ። ጻፍኩ። የኔ ጽሑፍ እንደ አሮጌ አጥር ወደ ጎን የተጋደመ ነው፤ የእሷ ድቡልቡልና ቀጥ ያለ። አማርኛ የሚያነብ ሰው አንድ ጊዜ አይቶ ይለየዋል። መርማሪው ስለማያነብ ሁለቱንም ለአስተርጓሚው ሰጠው። ፈራሁ፤ አልደብቅም።

አስተርጓሚው ወረቀቱን ከደብተሩ ጎን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ በፈረንሳይኛ መለሰ። ያን ያህል ፈረንሳይኛ እሰማለሁ፤ የአንድ ሰው እጅ ነው አለ። ወደ እኔ ዞር ብሎ አላየም።

የደብተሩ ባለቤት ነኝና አሥራ ዘጠኝ ቀን አሰሩኝ፤ ከዚያ እኔኑ ድንበር ላይ ጣሉኝ።

ዛሬ ድሬዳዋ አስተምራለሁ። ለመርማሪው ያለኝ ንቀት ቅንጣት አልቀነሰም፤ እንዲቀንስም አልፈልግም። የሚያስቸግረኝ አስተርጓሚው ነው። ጫቱ አስቸኩሎት ነው የዋሸው ብል ይቀለኝ ነበር። ግን የቸኮለ ሰው ወረቀት ያን ያህል አያይም። አላመሰገንኩትም፤ እንደናቅሁት ተለየሁት፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ልጅቷ ፈተናውን አልፋለች። አሁንም እዚያው ቪላ ትሠራለች፤ ስለዚህ ስሟን እዚህም አልጽፍም።