ጣውንቴ ሁለት ቁጥር

ባሌ ኤርጫፎ ሁለት ሚስት ነበረው፤ አንደኛዋ እኔ ወርቂቱ፣ ሌላዋ በመካኒክነት የሚሠራበት የአርባ ምንጭ መብራት ማመንጫ ሁለት ቁጥር ሞተር። ወይ ጣውንት! ዝሆን የምታክል፣ ናፍጣ የምትጠጣ፣ ስታጓራ እስከ ሲቀላ ሰፈር ድረስ የምትሰማ። እኔ ስታመም ጎረቤት ነው የሚያስታምመኝ። እሷ ትንሽ ካንገራገረች ግን ምሳውን ጥሎ ይሮጣል።

በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት የሚያዝያው ዝናብ ያለቅጥ ጣለ። ማመንጫው የቆመው መረሬ አፈር ላይ ነው፤ መረሬ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ሁለት ቁጥር የተተከለችበት ኮንክሪት በአንድ ወገን ሰጠመና ሞተሯ ዘመመች። ኢንጂነር ሀብተጊዮርጊስ ከአዲስ አበባ መጥተው አዩና፣ "ይቺ ትቁም። መሠረቷ ተቆፍሮ እንደገና እስኪሠራ እንዳትነሳ፤ ሰው ትጨርሳለች" አሉ።

ባሌ "እሺ ጌታዬ" ብሎ ሸኛቸው። ከዚያማ ጆሮ ዳባ ልበስ! በዘመመችበት በኩል ከእግሯ ሥር ላሜራ ወሸቀ፣ ቡሎኗን አጠበቀና አስነሳት።

"አንተ ሰው፣ ትቁም ተብላለች እኮ!" ስለው ሳቀብኝ።

"ወርቄ፣ አንቺ የሶዶ ልጅ ምን ታውቂያለሽ? ዶርዜ ያለውን የቀርከሃ ቤታችንን ምስጥ ከሥር እየበላው በየጊዜው ዝቅ ይላል። ታዲያ ጥለነው ወጣን? በሩን ከፍ አድርገን እንቀድና እንኖርበታለን። አባቴ እስኪሞት የኖረው እንደዚያ ባለ ቤት ነው።"

"የአባትህ ቤት ይሽከረከራል እንዴ?" አልኩት።

"አንድ ቁጥር ከተበላሸች ቆየች፤ ይቺም ከቆመች ከተማው ይጨልማል። ሆስፒታል የተኙትስ? በኔ የተነሳ ሰው ቢሞትስ?" አለኝ። እኔ የፈራሁት ለሱ ነበር።

ግንቦት ላይ ሞተሯን ከጀኔሬተሩ ጋር የሚያያይዘው ብረት ተሰብሮ ተፈናጠረ። ኤርጫፎ ሌላ ላሜራ ሊጨምር አጠገቧ አጎንብሶ ነበር። ፊቱን እንዳላይ ሸፍነው አመጡልኝ። ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ፤ እሷንም እሱንም ረገምኩ።

ከቀብሩ በኋላ ሁለት ቁጥርን አቁመው መሠረቷን ቆፈሩ። መረሬውን አውጥተው ድንጋይና ኮንክሪት ሞሉበት። ሥራው እስኪያልቅ ከተማው ክረምቱን በኩራዝ ከረመ። ሰዉ ትንሽ አጉረመረመና ለመደው። ለሆስፒታሉም የራሱ ትንሽ ጀኔሬተር በቃው። በዚያ ሁሉ ጨለማ አንድም ሰው አልሞተም።