የማርያማዊት ቀሚስ አረፋ ያወጣ ዕለት

እልል በሉ! ትቀራለች! የትም አትሄድም፤ አያቷ በገዛ አፋቸው «ትቅር» ብለዋል!

ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። ማርያማዊት ናት፤ ሩዝ መፈልፈያ ቤት የሚሠራው የመንግሥቴ የአምስት ዓመት ልጅ። ቤታቸው ወረታ ነው፤ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ትንሽ ገባ ብሎ።

መንግሥቴን የማያውቅ እንኳ ልብሱን ያውቃል። አዘቦት ቀን ብናኝ ለብሶ ነጭ ጅብ መስሎ ነው የሚገባው፤ እሑድ ጠዋት ግን ነጠላው ዓይን ይወጋል። የቆሎ ተማሪ ሳለ የየኔታን ጋቢ ወንዝ ዳር በእግሩ እየረገጠ ያጠበ ሰው ነውና፣ እሱ ቤት ከሱ ሌላ ልብስ የሚያጥብ የለም። ባለቤቱ ሉሊት አንድ ቀን ባልዲውን ብታነሳ፣ «ተይው፣ ታጠቁሪብኛለሽ» ብሎ ቀማት። ከዚያ ወዲህ አልነካችውም፤ ምን በወጣት!

ድሮ በእንዶድ፣ ኋላም በቁራጭ ሳሙና ያጥብ ነበር። በገና ሰሞን ግን ገበያ ላይ በኩባያ እየተሰፈረ የሚሸጥ ዱቄት ሳሙና አገኘ፤ አረፋው ከባልዲ የሚገነፍል፣ ሽታው ሦስት ቤት አልፎ የሚሰማ። በዚህ ሽታ ልቡ ጠፋ። አንድ ባልዲ ላይ አንድ ሙሉ ኩባያ ይገለብጣል፤ ያሻል፣ ይረግጣል፣ ይጨምቃል፣ ያሰጣል። ማለቅለቅ የሚባል ነገር የለም። «ስንት ደክሜ ያስገባሁትን ሽታ ለቦይ ልስጠው?» ይላል። ልብሱ ሲደርቅ እንደ ሰሌን ተገትሮ ይቆማል።

ማርያማዊትን ማሳከክ የጀመራት ከጥምቀት በኋላ ነው። አንገቷ ሥር፣ ብብቷ፣ ወገቧ ዙሪያ ቀይ ሽፍታ ወጣባት። ቁጭ ብላ ታካለች፣ ቆማ ታካለች፤ ሲብስባት ጀርባዋን እንደ ጥጃ ግድግዳው ላይ ታሻለች። መንግሥቴ ደነገጠ። «የሩዙ ብናኝ ነው፤ ከኔ ላይ ነው የሚይዛት» አለ። ከሥራ ሲገባ ገላውን ሳይታጠብ አላቅፍ አለ፤ በሳምንት አንዴ ያጥበው የነበረውን ቀሚሷንም በየሁለት ቀኑ ያጥብ ጀመር፤ ሳሙናውንም ጨመረ። ባሳከካት ቁጥር ያጥባል፤ ባጠበ ቁጥር ያሳክካታል።

የሉሊት እናት ወይዘሮ ጸሐይነሽ የሚኖሩት ቁሐር ሚካኤል ነው። ልጅቱን ወሰዱና እዚያው ያለችውን አሮጌ ቀሚስ እያለበሱ አንድ ሳምንት አቆዩዋት። ድና መጣች። ወረታ በገባች በሦስተኛው ቀን አገረሸባት።

«በቃ!» አሉ ወይዘሮ ጸሐይነሽ። «ቤታችሁ አልተስማማትም። የጎንደሩ መኪና በዚህ፣ የደብረ ታቦሩ በዚያ እየጨሰባት ምን ገላ ይኖራታል? ጠበል እናስጠምቃት። እስከ ፋሲካ ካልዳነች እኔ ዘንድ ታድጋለች።»

«እመት፣ እኔስ?»

«አንተማ ልብስህን እጠብ!»

ያን ሰሞን መንግሥቴ እህል አልወርድለት አለ። አንድ ልጁ ናት፤ ማታ ማታ ደጅ ላይ ሮጣ የምትቀበለው እሷ ናት።

ሁዳዴ እኩሌታው ላይ ከአያቷ ጋር ሆነው ጠበል ወሰዷት። መንግሥቴ «ለጠበል ነው» ብሎ ከዋዜማው ነጩን ቀሚሷን በሁለት ኩባያ አጥቦላት ነበር። አጥማቂው አባ ሉቃስ በጣሳ አንድ ጊዜ አፈሰሱባት፤ ቀሚሱ ጠጣው። ሁለተኛ ሲያፈሱ ከአንገትጌዋ ነጭ ነገር ብቅ አለ። በሦስተኛው አረፋው ትከሻዋን አልፎ እስከ ክርኗ ወረደ፤ ልጅቱ የተነደፈ ጥጥ መሰለች።

«ወጣ! ወጣ!» ብላ ጮኸች ከኋላ ተራ የምትጠብቅ ሴት። እልልታው ቀለጠ። ወይዘሮ ጸሐይነሽ ድፍት ብለው ተንበረከኩ።

«ተናገር! ማን ነህ?» አሉ እዚያው እንደተንበረከኩ።

«ማርያማዊት ነኝ፣ እማማ።»

«ከየት መጣህ?»

«ከወረታ።»

«ምን ትፈልጋለህ?»

«ቀሚሴን አውልቁልኝ!»

አባ ሉቃስ አረፋውን በጣታቸው አነሱና አሸተቱት። ደግመው አሸተቱት።

«ጸሐይነሽ፣ ተነሺ። ሰይጣንን ስንት ዘመን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ አይሸትም። ይህን ልብስ ማን ነው ያጠበው?»

መንግሥቴ ይህን ጥያቄ ዕድሜውን ሙሉ ሲናፍቅ የኖረ ሰው ነው። ዛሬ ግን ከሰው ኋላ ሸሸት አለ። ሉሊት ዞር ብላ አየችው።

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«ስንት ጊዜ አለቀለቅኸው?»

«ማለቅለቅማ… ሽታው ይሄዳል ብዬ…»

«አይ አንተ! ከነሳሙናው እኮ ነው ያለበስካት! ባላበች ቁጥር እላይዋ ላይ ታጥባለህ!»

ቀሚሱን አስወልቀው፣ ንጹሑን ጠበል አፍስሰው ባረኳትና፣ «በሉ ከዚህ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ውሰዷት» አሉ። ነርሷ ይታይሽም አየቻትና ቅባት ሰጠች፤ «ሳሙናውን በማንኪያ፣ ውሃውን በባልዲ» ብላ መንግሥቴን ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

ያን ቅዳሜ መንግሥቴ ቤት ውስጥ ያለውን ጨርቅ ሁሉ አወጣ። አንሶላ፣ ቀሚስ፣ የትራስ ልብስ፣ አንድ ሳይቀር። ሦስት ውሃ፣ አራት ውሃ፣ አምስት ውሃ፤ አረፋው አያልቅም፤ የሦስት ወር ሳሙና ነዋ! ጀሪካን ተሸክሞ ሲመላለስ ጎረቤቱ ቻላቸው በአጥር አንገቱን አሰገገ።

«አንተ ሰው፣ ግቢህን እንዲህ ያጥለቀለቅኸው ሩዝ ልትዘራበት ነው?»

«ዝም በል፣ ልጄን እያስቀረሁ ነው!»

ፋሲካ አለፈ። በዳግማይ ትንሣኤ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው መጡ። ሰላምታውን ቶሎ ጨርሰው ልጅቱን መስኮት ጋ አቆሟት፤ አንገቷን አዩ፣ ብብቷን አዩ፣ ወገቧን ዳበሱ። ከደበዘዘ ጠባሳ በቀር ምንም የለም። አላመኑም። ከገመዱ ላይ የደረቀ ቀሚስ አውርደው ሳፋ ውስጥ ነከሩና አሹት። ውሃው ውሃ ሆኖ ቀረ። መልሰው አሹት። አንድ አረፋ የለም። መንግሥቴ አጠገባቸው ሳፋው ላይ አጎንብሷል።

«እህ…» አሉ። ትንሽ ቅር ሳይላቸው አልቀረም፤ መኝታዋን አዘጋጅተውላት ነበር። «ትቅር እንግዲህ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ግን ትመጣልኛለች።»

«እኔ ራሴ አመጣልዎታለሁ፣ እመት!»

እሳቸውም ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ደረቱ ላይ ጣሉለት።

«በል፣ ይችንም እጠባት። አለቅልቃት ደግሞ!»

በሉ እኔ ልነሳ። የወዳጄ የይርጋለም ልጅ ክንዱን ሲያክ ነው የከረመው፤ እሷ «የጭድ ነው» ብላ ቁጭ ብላለች፤ ይህን ሁሉ አልሰማችም እኮ! ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ባጃጅ ይዤ ልድረስባት።