ቦቴው ከአሰቦት አይነሳም

ጭሮ ላይ የዞኑ የኢኮኖሚ ልማት ኃላፊ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ብዙ ሪባን ሲቆረጥ አይቻለሁ። ያበላሸሁት አንዱን ብቻ ነው፤ ዛሬም አልጸጸትም።

መቻራ ላይ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ተሠርቶ ነበር። ማሽኑ አዲስ፣ ገንዳው የተለሰነ፤ የጎደለው ውሃ ብቻ ነበር። ከምንጩ ይዘረጋል የተባለው ቧንቧ አልተጀመረም። በየስብሰባው ብናገርም ሰሚ አላገኘሁም። ምረቃው ሲቃረብ አለቃዬ፣ የዞኑ አስተዳዳሪ፣ ደወለ።

«አሰቦት ያለውን ቦቴ ወደ መቻራ ላኪው፤ ገንዳው ይሞላ።»

በዚያን ዓመት ዝናቡ ቀርቶ፣ በአሰቦት ዙሪያ ያሉ አርብቶ አደሮች የሚጠጡት ቦቴው የሚያመላልሰውን ውሃ ነበር። ስምሪቱ በእኔ እጅ ነው።

«ከብቱስ ይቅር፣ ሰዉ ምን ይጠጣ?» አልኩት።

«ለአንድ ቀን እኮ ነው! ማሽኑ ሲሽከረከር ካሜራ ይቅረጸው፣ ከዚያ ይመለሳል።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ቦቴው ከአሰቦት አይነሳም።»

«ወንበርሽን ጠልተሻል ማለት ነው?»

«ወንበሩ የመንግሥት ነው። ለፈለጉት ሰው ይስጡት።»

ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ። 

በምረቃው ቀን እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ፣ ገበሬዎቹ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። የመድረክ መሪው በፕሮግራሙ መሠረት እኔን ጠራኝ። የተጻፈልኝን ንግግር ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና በኦሮምኛም በአማርኛም ተናገርኩ።

«ማሽኑ ጥሩ ነው። ውሃ ግን የለውም፤ ስለዚህ ዛሬ አይሠራም። ምንጩ ሩቅ አይደለም። ከፈለጋችሁ አብረን እንሂድ፤ መንገድ ላይ አንድ ቧንቧ ካገኛችሁ እኔ ውሸታም ነኝ።»

ከገበሬዎቹ መሃል አንድ አዛውንት በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ በይ ምሪን» አሉኝ።

ገበሬው ግልብጥ ብሎ ተከተለን። ከእንግዶቹም ጥቂቶቹ በተወለወለ ጫማቸው አቧራውን እየረገጡ መጡ። ቧንቧ አላየንም። አለቃዬ ከድንኳኑ አልወጣም።

ብዙ ሳይቆይ ከኃላፊነት ተነስቼ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ተመደብኩ። ባልደረቦቼ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ስልካቸውን ማየት ያዙ። «ይቅርታ ጠይቂና ይመልሱሽ» የሚል መልእክትም መጣ። «ምን አድርጌ?» ብዬ መለስኩት።

አዛውንቱ ግን የቧንቧውን ነገር አልተውትም። ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው በሚኒባስ ጭሮ እየመጡ፣ ቁርጥ ያለ መልስ እስኪሰጣቸው ድረስ የአስተዳዳሪው በር ላይ ይቀመጡ ነበር። በመጨረሻ ቧንቧው ተዘረጋ።

ጣቢያው ሥራ ሲጀምር እንደገና ድግስ ተደገሰ። ማንም አልጠራኝም። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ በገለምሶ በኩል ተሳፍሬ ሄድኩና ከገበሬዎቹ ጋር መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አለቃዬ ውሃውን ለማምጣት የከፈለውን መሥዋዕትነት ሲዘረዝር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ትክ ብዬ አየሁት። ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው።