ሃምሳ አምስት ሜትር

ቢሮ ውስጥ አባ ትርፍ ነው የምንለው። ሥራው አውሮፕላን ለማረፍ ስንት ሜትር ማኮብኮቢያ እንደሚበቃው አስልቶ ለአብራሪዎቹ መላክ ነው። በወጣው ቁጥር ላይ ለመጠባበቂያ አሥራ አምስት በመቶ ይጨመራል። አመሉ ቤቱ ድረስ ተከትሎታል፤ አምስት እንግዳ ከጠራ ስድስት ወንበር ያወጣል። ሚስቱ፣ «እኔ ሰው ከነመጠባበቂያው ነው ያገባሁት» ትላለች።

ጡረታ የሚወጣበት ቀን ኬክ አዘጋጅተን ነበር። ረዳት አብራሪዋ ልጁ ከሰዓት በኋላ ታርፋለች፤ አብረው እንደሚቆርጡት ሳምንቱን ሙሉ ሲነግረን ከረመ። ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ ዶፉን ያወርደው ጀመር።

አባ ትርፍ መነጽሩን አድርጎ ተቀመጠ። አውቶማቲክ ፍሬን ደረጃ አለው፤ አብራሪው ይመርጣል፣ አውሮፕላኑ መሬት ሲነካ ማሽኑ በዚያው ልክ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ዝቅተኛው ለመንገደኛ ይመቻል፣ ግን ብዙ ማኮብኮቢያ ይበላል። በመካከለኛውም አልበቃም። በከፍተኛው አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሜትር ወጣ፤ ከነመጠባበቂያው አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ አምስት። የኛ ማኮብኮቢያ አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ነው።

እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። «ለሃምሳ አምስት ሜትር ነው እንዴ? ከፍተኛው ላይ ካደረጉት ጥርቅም አድርጎ ይይዛል» አልኩት።

«ፍሬኑስ ይያዝ። የራሰ አስፋልት ጎማውን መች በደንብ ይይዘዋል?» አለኝ።

ይህን ብሎም እጁ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ቀረ። እውነቱን ልናገር፣ አሳዘነኝ። ልጁን ለማየት ያን ቀን ምን ያህል እንደጓጓ አውቃለሁ።

«ከመሞት መሰንበት» አለና ቁጥሩን እንዳለ ላከው። አውሮፕላኑ ወደ ሌላ ከተማ ዞረ። ኬኩን ብቻውን ቆረጠ፤ እኔም ባዝንለትም ሁለት ቁራሽ በላሁ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ልጅቷ በአውቶቡስ መጣች። ቢሮ ውስጥ ዕቃውን ሲሰበስብ አገኘችው።

«የመለስኩሽ እኔ ነኝ። ተቀየምሽኝ?» አላት።

«አባዬ፣ እኛም እዚያው አየር ላይ አስልተነው ነበር። ያው ሃምሳ አምስት ሜትር ጎደለን» አለች። «ያንተን መልእክት ስጠብቅ አንድ ነገር ብቻ ነው የፈራሁት፤ ለእኔ ብለህ ቁጥሩን እንዳታሳንሰው።»

አባ ትርፍ የያዘውን ካርቶን አስቀመጠና አቀፋት። ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን ስንሠራ እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።