ጋሽ ዳና ያልጨረሱት ተረት

ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሶዶ ውስጥ በሰፈራችን ጋሽ ዳና የሚባሉ አናጢ ነበሩ። ከቤታቸው ጀርባ ያለችውን የቆርቆሮ ክፍል ለእኛ ለሰፈሩ ልጆች ለቀውልን ነበር። በእጃቸው የሠሩት ክራር ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፤ ከበሮው ግን ማንም እንዲደርስበት መሬት ላይ ይቀመጣል። የጴንጤ ልጅ ነሽ፣ የኦርቶዶክስ ልጅ ነሽ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። ያኔ ሲመሻሽ ፍም ይቀርብና የከበሮውን ቆዳ እናሞቀዋለን፤ የቆዳው ሽታና የኩራዙ ጭስ ተቀላቅሎ ዓይናችንን ያቃጥለን ነበር።

ተረቱ በወላይትኛ ነው። ጋሽ ዳና የሚያስፈራው ቦታ ላይ ሲደርሱ ዝም ብለው አንድ ልጅ ያያሉ። ያ ልጅ ከበሮውን ካልመታ፣ ሌሎቻችንም «ከዚያስ?» ካላልን ተረቱ አይቀጥልም። እኔ ቤትም ትምህርት ቤትም ድምፄ የማይሰማ ልጅ ነበርኩ። እዚያ ግን ተራዬ ሲደርስ ሁሉም እኔን ይጠብቃል።

አንድ ምሽት ተረቱ የሰዎችን ድምፅ ከጉሮሯቸው ስለሚወስድ አውሬ ነበር። አውሬው የመጨረሻውን ቤት በር ሲገፋ የእኛም በር ተገፋ። ጋሽ ዳና ያዘጋጁት መስሎን ሳቅን። የገቡት ግን ሁለት የቀበሌ ሰዎች ነበሩ።

«እንደምን አመሹ ጋሽ ዳና? ይቺ ክፍል ፈቃድ አላት?» አለ አንደኛው በአማርኛ።

«የቤቴ ጓዳ ናት። ተቀመጥ ልጄ።»

«ከእንግዲህ በወጣት ማኅበሩ ሥር ትሁን። ዘፈኑን እኛ እንሰጣችኋለን።»

«ተረቱንስ?» አሉ ጋሽ ዳና እየሳቁ።

«ተረቱንም።» ሰውየው አልሳቀም። ከበሮው አጠገብ ወደተቀመጥኩት ወደ እኔ ዞረ። «ስለ አውሬ ሲያወሩ ከውጭ ሰምተናል። አንቺ፣ አውሬው ማነው አሏችሁ?»

ጋሽ ዳና ዝም ብለው አዩኝ። ምናልባት እንዳልናገር ፈልገው ይሆናል። እኔ ግን እዚያ ክፍል ውስጥ እሳቸው ዝም ብለው ሲያዩኝ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከበሮውን መታሁ። ልጆቹም በአንድ ድምፅ «ከዚያስ?» አሉ።

ሰውየው ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ «አየህ፣ አሠልጥነዋቸዋል» አለ በቀስታ። ከበሮውን ብድግ አድርጎ ይዞት ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ የማናውቀው ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ ጠበቀን። ጋሽ ዳና ለጥያቄ ተጠርተው ሄዱ፤ ሲመለሱ የት እንደቆዩ ለማንም አልተናገሩም። በኋላ ክፍሏ ተከፈተች፤ ድምፅ ማጉያ ገባላት። ልጆች ተሰልፈው የተሰጣቸውን ይዘፍናሉ፣ ሲጨርሱ ይበተናሉ። ተራውን የሚጠብቅ ልጅ የለም።

አሁን ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ታናሽ ወንድሜ ተረት ንገሪኝ ሲለኝ አውሬው በሩን የሚገፋበት ላይ እደርስና እዚያው እቆማለሁ። ባለፈው ጋሽ ዳናን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አየኋቸው፤ መጨረሻውን ልጠይቃቸው ቀረብኩ። «ደህና ነሽ ልጄ?» ከማለታቸው በፊት መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም ተመለከቱ።

ሳይታወቀኝ እኔም መንገዱን አየሁ። ሳልጠይቃቸው ተመለስኩ። ከዚያች ክፍል ይዤ የቀረሁት መንገዱን መቃኘት ብቻ እንዳይሆን እፈራለሁ።