ለባሕር ጉዞ የተሰናዳ በሶ

ከተማችን መካነ ኢየሱስ በክረምት ጭቃ ተውጣ ሳለች፣ እኔና ባለቤቴ አንዲት የሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ ከተማን በስልክ እያየን የነሐሴ ዕረፍታችንን እናቅድ ነበር። ጠዋት አሮጌውን ወደብ እናያለን፤ አመሻሽ ላይ እግራችንን ውኃ ውስጥ እንነክራለን። እናቴ ይህን ሰምታ ገብስ ቆላች፣ ለስንቅ የሚሆን በሶም አስፈጨች።

«ሆቴሉ ምግብ አለው» ብላት፣ «ፍልሰታን እዚያ ማን ያውቅልሃል?» አለችኝ።

ቪዛውን ተከለከልን። ፍልሰታ ገባ። አንድ ቀን ከቅዳሴ ስንመለስ ባለቤቴ ያንን በሶ በጥብጣ አቀረበችልኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ጨው አብዝተሽበታል» አልኳት።

በመስኮቱ ጭቃውን መንገድ እያየች፣ «ባሕሩም እንዲህ ነው አሉ» አለች።

ጨለጥኩትና «ድገሚኝ» አልኳት።