ግራውንዱን ቁረጠው

ሾርት ይሉታል። ቁመቱ አጥሮ አይደለም፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ደግሞ ሳይነኩት ቦግ የሚል ሰው ነው። ደንበኛ ፊት ማር ነው፤ እሳቱን የሚያስቀምጠው ለሚስቱ ነው።

የሚስቱ ወንድም ጎሚስታ ነው፤ ከጎማ ሌላ አያውቅም። በቀደም የእህቱን ያበጠ ዐይን አይቶ፣ "ሁለተኛ እጅህን ብታነሳባት መሬት ውስጥ ነው የምከትህ" ብሎት ነበር። እሷ ደግሞ ይላመዱ ብላ፣ ሥራ ሲቀዘቅዝበት ወንድሟን ባሏ ዘንድ አስገባችው። እሳትና ጭድ አንድ ላይ።

ትናንት ሾርት ደግሞ መታት። ዛሬ፣ ወንድምየው አልሰማም ይሆናል እያለ፣ ሾርት ልቡ ሳያርፍ ሥራ ገባ።

ሾርት ባለፎቁ ሕንፃ ግራውንድ ላይ ያለች ሱቅ ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቷል። አማቹ አንደኛ ፎቅ፣ የማብሪያና ማጥፊያው ሳጥን ዘንድ ቆሟል። ሾርት የሱቋን መብራት ማለቱ ነበር፦

"ግራውንዱን ቁረጠው!"

"ቆረጥኩት" አለ ከላይ።

ሾርት ሽቦውን ሲጨብጠው ኤሌክትሪኩ ክንዱን ይዞ አንቀጠቀጠው። ምላሱን ነከሰ። ከመሰላሉ ወርውሮ በጀርባው ሲሚንቶ ላይ ዘረረው። አፉ ደም ሞላ። ሰምቷል፣ ሊገድለኝ ነው አለ በልቡ፤ ደግሞ ፈራ፣ ፍርሃቱ ነው ያሳበደው።

የብረት ቱቦ አንስቶ ደረጃውን ወጣ። ምንም አልጠየቀም። አንዱን አማቹ ትከሻ ላይ፣ ሌላውን ሊከላከል ባነሳው ክንዱ ላይ አሳረፈበት። አጥንቱ ቀጭ ሲል ለሁለቱም ተሰማ። ሲወድቅም በእርግጫ ጎኑን አለው።

"አንተ አይደለህ ቁረጥ ያልከኝ?" አለ ወንድምየው እያቃሰተ።

ሾርት ሳጥኑን አየ። የሱቋ ማጥፊያ እንደበራ ነው። አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ግን በፒንሳ ለሁለት ተቆርጧል። ያም የመሬት መስመር ግራውንድ ይባላል፤ ጠዋት ስሙን ያስተማረው ራሱ ሾርት ነበር። ቱቦው ከእጁ ወደቀ።

ክሊኒክ ውስጥ፣ የአማቹ ክንድ በጀሶ ከታሰረ በኋላ፣ ሚስቱ ተጠርታ መጣች። ሾርት እግሯ ሥር ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ቃሉ ነው ያሳሳተን፣ ሊገድለኝ መስሎኝ ነው እያለ ለመነ። እሷ እስኪጨርስ ሰማችው።

"ለእሱስ ምክንያት አገኘህለት" አለችው። "እኔ ትናንት ምን ቆርጬ ነው?"

ወንድምየው ትናንት መመታቷን ገና መስማቱ ነበር። ሊነሣ ሲታገል ትከሻውን ይዛ አስቀመጠችው።

"ተወው" አለችው። "ልብሴን ጠቅልዬ ነው የመጣሁት።"